የጋፋት ምድጃና ባለ ሁለት ኪሎባይቱ ቺፕ

አባቴ ያለቀ ማረሻ አስይዞ ወደ ቀጥቃጭ ቤት የላከኝ በ12 ዓመቴ ነበር። ቤታችን ደብረ ታቦር ከተማ ዳር ነው፤ እርሻችን ደግሞ ፋርጣ። ቀጥቃጩ ሽማግሌ ነበሩ። ከጎጇቸው ደጃፍ መሬት ተቆፍሮ የተሠራ ትንሽ ምድጃ፣ ከምድጃው ፊት መስፍ፣ ከመስፉ ጎን ውሃ የሞላ ገበቴ ነበር። የልጅ ልጃቸው ከምድጃው ጀርባ ተቀምጦ ሁለት የፍየል ቆዳ ወናፎችን በሁለት እጁ ይዟል። ቀኙን ሲያነሳ አፉን ይከፍተዋል፣ ሲጫነው ይዘጋዋል፤ ቀኙ ሲወርድ ግራው ይነሳል። ነፋሱ ሳይቋረጥ በሸክላዋ ቱቦ ወደ ፍሙ ይገባል። ሽማግሌው የመኪና ባሌስትራ ቁራጭ ፍሙ ውስጥ ከተቱና ዐይናቸውን ሳይነቅሉ ጠበቁት። ጥቁሩ ብረት ቀላ፣ ከቀይ ወደ ብርቱካን ሄደ። በጉጠት ሳብ አድርገው መስፉ ላይ አጋደሙት። አሥር፣ አሥራ ሁለት ጊዜ መቱት፤ ሲደበዝዝ መልሰው ከተቱት። ማጋል፣ ማየት፣ ማውጣት፣ መቀጥቀጥ፣ መመለስ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ይህንኑ ሲደጋግሙ ተቀምጬ አየሁ።

«አባባ፣ ወናፍ የሚነፋልዎት ልጅ ባይኖርስ?» አልኳቸው።

«ማረሻ ብቻ ከሆነ አይቸግረኝም ልጄ። ራሴ እየነፋሁ እጠብቀዋለሁ፤ ሲግል እቀጠቅጠዋለሁ። ሁለት ብረት አንድ ላይ ከከተትኩ ግን አንዱን ስመታ ሌላው ይቃጠልብኛል።»

ብረት ይቃጠላል ሲባል ያኔ አልገባኝም ነበር። በኋላ ነው የተማርኩት፤ ከልክ በላይ የጋለ ብረት ብልጭታ እየረጨ ውስጡ ይበላሻል፤ ምንም ቢቀጠቅጡት መልሶ ማረሻ አይሆንም።

ዛሬ የኤሌክትሮኒክስ አስተማሪ ነኝ። የማስተምረው ስለ ማይክሮኮንትሮለር ነው። ማይክሮኮንትሮለር ማስሊያው፣ ማስታወሻውና ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኙት እግሮቹ ሁሉ ጥፍር በምታክል ቺፕ ውስጥ የተሰበሰቡበት ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። የልብስ ማጠቢያው ውስጥ አለ፤ የመብራት ካርድ ቆጣሪው ውስጥ አለ፤ የሐኪሙ የሙቀት መለኪያ ውስጥም አለ። አንድ ሥራ ይሰጠዋል፤ ዕድሜውን ሙሉ ያንኑ ይሠራል። ተማሪዎቼ ስልካቸው ላይ አንድሮይድ፣ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ እያዩ ያደጉ ናቸው። ስለዚህ በየዓመቱ አንዱ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ይቺ ቺፕ ኦፕሬቲንግ ሲስተሟ የታለ?» ይላል። የላትም፣ የጻፍክላትን ኮድ ብቻ ነው የምታውቀው ስለው ይገረማል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላኛዋ ትነሳለች፤ ለማይክሮኮንትሮለር የሚሆን ኦፕሬቲንግ ሲስተም እንዳለ አንብባለች፤ «ታዲያ እኛ ለምን አንጠቀምም?» ትላለች።

እኔ ለዚህ ጥያቄ መልስ የምፈልገው ጋፋት ላይ ነው። ስለዚህ በዓመት አንድ ቅዳሜ ይዣቸው ወደ ኮረብታው እወጣለሁ።

ጋፋት ከከተማችን ወጣ ብሎ በእግር የሚደረስ ቦታ ነው። ስሙን ኢትዮጵያ በሙሉ ታውቀዋለች፤ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ተሰይሞበታል፤ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። እዚያ የተሠራው የአጼ ቴዎድሮስ መድፍ እንዴት እንደተሠራ የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። መድፉን ሁሉም ያነሳል፤ ምድጃውን የሚያነሳ የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ምድጃው ነው።

ዳግማዊ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ደብረ ታቦር ከራስ ጉግሳ ዘመን ጀምሮ የመሳፍንት መቀመጫ ነበረች። ንጉሡ መድፍ ፈለጉ። ከውጭ ተገዝቶ የሚመጣ ብቻ ሳይሆን አገር ውስጥ የሚሠራ መድፍ። በዚያ ጊዜ የኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ነበሩ፤ ቀድሞ በኢትዮጵያ ሚስዮናዊ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። እሳቸው በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ አጠገብ በክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የሠለጠኑ ወጣቶችን ላኩ። ወጣቶቹ ወንጌልም የእጅ ሙያም የተማሩ ናቸው። ዮሐንስ ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንትስለን መጡ፤ በኋላ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ካርል ዛልሙለር ተከተሉ። ሞሪትዝ ሆል የሚባል ፖላንዳዊና ቡርጎ የሚባል ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪም ተጨመሩ። ንጉሡ ጋፋት ላይ አሰፈሯቸው። ዋልድማየርና ዛልሙለር የንጉሡ ባለሟል የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ሴቶች ልጆች አግብተው አገሩን ተላመዱ።

ንጉሡ ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ነበር የፈለጉት። መንገድና ሠረገላ ካሠሯቸው በኋላ ሞርታር የሚባለውን አጭር መድፍ አፍስሱልኝ አሉ። ሰዎቹ አናውቅም አሉ፤ እውነታቸውን ነበር። ቴዎድሮስ ግን አናውቅም የሚል መልስ የሚቀበሉ ሰው አልነበሩም። ሞከሩ፤ ከሸፈ። ደግመው ሞከሩ፤ አሁንም ከሸፈ። በመጨረሻ ትንሹ ሞርታር ተሳካ፤ ከዚያ የሚበልጠው፣ ከዚያም የሚበልጠው ቀጠለ።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼን አስቆማለሁ። ብዙ ሰው ማረሻና መድፍ የሚለያዩት በክብደት ብቻ ይመስለዋል። ሥራው ራሱ ሌላ ዓይነት ነው። ለትልቅ መድፍ የሚሆን ነሐስ በአንድ ትንሽ ምድጃ አይቀልጥም። መዳብ ለብቻው 1085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል፤ ቆርቆሮ ሲቀላቀልበት ዝቅ ይላል፤ ቢሆንም የከሰል ተራራ ያስፈልጋል። የጭቃው ፎርማ ደርቆ ያለቀ መሆን አለበት፤ ውስጡ ጠብታ እርጥበት ከቀረ የቀለጠው ነሐስ ሲነካው እንፋሎት ይሆንና ፎርማውን ይበታትነዋል። ወናፉ መቋረጥ የለበትም። ማፍሰስ ከተጀመረ በኋላ ደግሞ መሃል ላይ መቆም የለም፤ የመጀመሪያው ከቀዘቀዘ በኋላ ሁለተኛው ቢደርስ ሁለቱ አይዋሃዱም፤ መድፉ ውስጥ ስፌት ይቀራል፤ ባሩድ ሲፈነዳበት በዚያው ይሰነጠቃል።

ሽማግሌው ቀጥቃጭ የነገሩኝ ይኸው ነው፤ አንዱን ስመታ ሌላው ይቃጠልብኛል። ጋፋት ላይ ግን «ሌላው» ብዙ ነበር፤ ከሰሉ፣ ወናፉ፣ ፎርማው፣ ማፍሰሻ ቦዩ። ሁሉም የየራሱ ሰዓት አለው፤ የአንዱ ሰዓት የሌላውን አይጠብቅም። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ አንድ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ አይዘልቅም። አንተ አሁን ንፋ፣ አንተ አሁን አቁም፣ አንተ ክፈት የሚል ሥራ አከፋፋይ ያስፈልጋል። በእኛ ሙያ ይህን አከፋፋይ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እንለዋለን። በማይክሮኮንትሮለር ደረጃ ሲሆን መስኮትም ማውስም የለውም። ሥራው ማን መቼ ተራ እንደሚያገኝ መወሰን፣ አጣዳፊው ሲመጣ ሌላውን ወደ ጎን ማድረግ፣ ሁለት ሰው አንድ መዶሻ ላይ እንዳይሻማ መጠበቅ ነው።

ከመድፎቹ ሁሉ ትልቁ ሴባስቶፖል ተባለ፤ በክራይሚያ ጦርነት በተከበበችው ከተማ ስም። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነው። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲነሱ ይዘውት ሄዱ። በበጌምድር ደጋ፣ በጨጨሆ፣ በዋድላ፣ በጅጣና በበሽሎ ገደል። መንገድ አልነበረም፤ መንገዱ የሚሠራው መድፉ እየተጎተተ ነው። ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ እያነሱ ይሠሩ እንደነበር ያዩ ሰዎች ጽፈዋል። መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው።

ይህን ጉዞ ሳስብ ቁልቁለቱ ነው የሚያሳዝነኝ። ዳገት ላይ ጎታች ከፊት ይቆማል፤ ገመዱ ቢበጠስ መድፉ ይቆማል ወይም ትንሽ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ቁልቁለት ላይ ግን ሰዉ ከኋላ ሆኖ መያዝ አለበት፤ ከፊት ያሉት ድንጋይ ይጠርጋሉ፤ ከጎን ያሉት መንኰራኩሩ ሥር ድንጋይ ያስገባሉ ያወጣሉ። አንዱ ለአፍታ ቢዘናጋ 7 ቶን ነሐስ ማንንም አይጠብቅም። እኔ እንደምረዳው ይህን ሁሉ የሚያከፋፍለው አንድ ሰው ነበር፤ ንጉሡ። ምድጃው ጋ እሳቸው፣ መንገዱ ጋ እሳቸው፣ ገመዱ ጋ እሳቸው፣ ሠራዊቱ ጋ እሳቸው፣ እስረኞቹ ጋ እሳቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞሩ የተዉት ይቆማል፤ አንዱ ጋ ሲዘገዩ ሌላው ይበላሻል። በሌላ አቅጣጫ ደግሞ ንጉሡ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት የተላከው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ከቀይ ባሕር ዳር ከዙላ ተነስቶ፣ ባቡር ሐዲድ ዘርግቶ፣ ከህንድ ያመጣቸውን 44 ዝሆኖች ይዞ፣ ስንቁን በስንቅ ሹም፣ መንገዱን በመሐንዲስ፣ ዝሆኑን በዝሆን ነጂ ከፋፍሎ ይመጣ ነበር።

ቴዎድሮስ ይህን የባለሙያ ጉድለት ያላወቁት አይመስለኝም። በ1858 ዓ.ም. ፍላድን ወደ እንግሊዝ የላኩት ባለሙያና ማሽን እንዲያመጣላቸው ነው። እንግሊዞችም ባለሙያዎችና መሣሪያ ልከው ነበር፤ ምጽዋ ደርሰው፣ ንጉሡ ያሰሯቸው አውሮፓውያን እስኪፈቱ ብለው እዚያው ቆዩ፤ ከዚያ ወደመጡበት ተመለሱ። ምጽዋና ጋፋት መካከል የቀረውን ያንን ማሽን ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ማግስት፣ ንጉሡ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ገደሉ። የጋፋት አውሮፓውያን ከነቤተሰቦቻቸው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ሴባስቶፖል እዚያው መቅደላ ቀረ፤ ዛሬም እዚያው ነው፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው አምሳያው ነው። ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄደና እ.ኤ.አ. በ1873 ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በኋላም አስፉሪያ የሚባለውን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። ትምህርት ቤቱ ዛሬም ያስተምራል። ጋፋት ላይ ስለ እሳት፣ ስለ ሰውና ስለ ሥራ የተማረው ሰው ትምህርት ቤት የከፈተው ሌላ ተራራ ላይ ነው። ከጋፋት ምድጃ ጎን ወናፍ ሲነፉና ከሰል ሲያቀርቡ የኖሩት የአገራችን ሰዎች ግን መድፍ ማፍሰስን ለልጅ የሚያወርሱበት ቦታ አልተተወላቸውም።

ለዚህ ምክንያቱ የንጉሡ ሞት ብቻ አይደለም። በጎንደር አገር የብረት ሥራን ይዘው የኖሩት በብዛት ቤተ እስራኤሎች ነበሩ፤ ቀጥቃጭ የሚለው ቃል ስድብ ነበር፤ ጠይብ ናቸው፣ ቡዳ ናቸው ይባሉ ነበር። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛ እንዳይሰደብ ዐዋጅ ማውጣት አስፈልጓቸዋል። ሲሰደብ የኖረ ባለሙያ የሚያውቀውን ለውጭ ሰው አያሳይም፤ ከቤቱ አያወጣውም። ምድጃው ውስጥ ያለውን ያወቀው ጥቂት ሰው ነበር፤ እሱም ዝም አለ።

ወደ ቺፑ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የኢንቴል 8051 ለሥራ የሚገለገልበት ማስታወሻ 128 ባይት ነበር። ዛሬ ተማሪዎቼ የሚነሱበት፣ አርዱዊኖ ሰሌዳ ላይ ያለው አትሜጋ 328 ደግሞ 2 ኪሎባይት አለው፤ ማለትም 2048 ባይት። አንድ የግዕዝ ሆሄ አሁን በምንጠቀምበት አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚወስድ፣ ይህ ሁሉ ማስታወሻ 680 ገደማ ሆሄ ቢይዝ ነው፤ ከዚህ ጽሑፍ ሁለት አንቀጽ እንኳ በቅጡ አይሞላም። ሥራ አከፋፋይ ሲጫንበት ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱ የሆነ የማስታወሻ ጥግ መስጠት ግድ ነው። አንዱ ሥራ 150 ባይት ቢይዝ፣ አምስት ሥራ 750 ባይት ወሰደ ማለት ነው። ስለዚህ ቺፗ ትንሽ ናት ብሎ አከፋፋይ አልጭንም የሚል ሰው አይሳሳትም፤ ግን ትንሽነት ብቻውን መልስ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1969 ሰውን ጨረቃ ላይ ያሳረፈው የአፖሎ ኮምፒዩተር ሊጻፍበት የሚችል ማስታወሻው 2048 ቃል ብቻ ነበር። ቢሆንም የኤምአይቲው ሃል ላኒንግ የነደፈው ሥራ አከፋፋይ ነበረው። ለማረፍ ደቂቃዎች ሲቀሩ 1202 የሚል ማስጠንቀቂያ በራ፤ አንድ ራዳር የኮምፒዩተሩን ጊዜ እየወሰደበት ሥራ በዝቶበት ነበር። አከፋፋዩ ራሱን አድሶ፣ ለማረፍ የማያስፈልገውን ጥሎ፣ የሚያስፈልገውን ይዞ ቀጠለ። አከፋፋይ መኖሩ ብቻ ግን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1997 ማርስ ላይ ያረፈው ፓዝፋይንደር የተባለው መንኰራኩር ቪኤክስወርክስ የተባለ ጥሩ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይዞ እያለ ደጋግሞ ራሱን እያጠፋ ይነሳ ነበር። ዝቅተኛ ተራ የተሰጠው የአየር ሁኔታ ሥራ አንድ የጋራ ቁልፍ ይዞ ሳለ መካከለኛ ተራ ያለው ሌላ ሥራ ይቀድመዋል፤ ቁልፉን የሚጠብቀው ከፍተኛ ተራ ያለው ሥራ ደግሞ ቆሞ ይቀራል። መሐንዲሶቹ ችግሩን ምድር ላይ ባለው አምሳያ ደግመው አይተው፣ ማስተካከያውን ወደ ማርስ ላኩ። ሊያስተካክሉት የቻሉት ውስጡን ስለሚያውቁት ነው።

እኔ ራሴ የተማርኩት በእንቁላል ነው። አንድ ጊዜ ለአንዲት ሴት ጫጩት መፈልፈያ ሠራሁ፤ 96 እንቁላል የሚይዝ የጣውላ ሳጥን፣ አራት አምፖል፣ አንድ ፋን፣ የሙቀትና የእርጥበት ሰንሰር፣ ትሪውን የሚያዘነብል ሞተር። የዶሮ እንቁላል 21 ቀን ይፈልጋል፤ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት፤ እስከ 18ኛው ቀን በየጥቂት ሰዓቱ መገላበጥ አለበት። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል 2700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ አምፖሎቹ ሌሊት አያርፉም። ኮዴ የሽማግሌው ቀጥቃጭ ዑደት ነበር፤ ሙቀት ለካ፣ አምፖል አብራ ወይም አጥፋ፣ ሰዓቱ ከደረሰ ትሪውን አዘንብል፣ ተመለስ። ትሪው ጫፍ ሲደርስ የሚነካት ትንሽ ማብሪያ ነበረች፤ ኮዱ ማብሪያዋ እስክትነካ ይጠብቃል።

በ14ኛው ሌሊት አንድ ብሎን ላልቶ ትሪው ዘንበል እንዳለ ተቀረቀረ። ማብሪያዋ አልተነካችም። ቺፑ እሷን እየጠበቀ ቆመ፤ ሙቀት መለካቱን ትቶ፣ አምፖሎቹን እንደበሩ ትቶ። ጠዋት ሳጥኑን ስከፍት የብርጭቆው ቴርሞሜትር 43 ዲግሪ ላይ ነበር። አንዱን እንቁላል ሰብሬ አየሁ፤ ጫጩቱ ላባ ማውጣት ጀምሮ ነበር። ሳጥኑን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ እዚያው ቆምኩ። አንዱን ስመታ ሌላው ተቃጠለብኝ።

መፍትሔው ኦፕሬቲንግ ሲስተም አልነበረም። ኮዱን እንደገና ጻፍኩት፤ የትኛውም ክፍል ቆሞ እንዳይጠብቅ አደረግሁት። ሞተሩ ጋ ሲደርስ «ደርሰሃል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካልደረሰ ጥሎት ያልፋል፤ በሚቀጥለው ዙር ይመለስበታል፤ ከ60 ሴኮንድ በላይ ከቆየ ሞተሩን አጥፍቶ ጩኸት ያሰማል። ዋችዶግ የሚባለውን ሰዓትም አበራሁት፤ ኮዱ አንድ ቦታ ከቆመ ቺፑን ራሱ ያስነሳዋል። ሁሉም በ2 ኪሎባይት ውስጥ ሆነ፤ ግማሹም አልተሞላም። ቀጣዩ ዙር ተፈለፈለ።

ከዓመት በኋላ የመፈልፈያው ባለቤት የሆነችው ሴት ከቤት ወጥታ እያለች ሳጥኑ መልእክት እንዲልክላት ጠየቀችኝ። የሲም ካርድ ሰሌዳ ገጠምኩለት። መልእክት መላክ ሴኮንዶች ይፈጃል፤ ኔትወርክ ከደከመ ደግሞ ከዚያ በላይ፤ የሚመጣው መልስም በቁርጥራጭ ነው የሚመጣው። የኔ ዑደት መወሳሰብ ጀመረ፤ የሙቀቱ ኮድ ከመልእክቱ ኮድ ጋር ተጠላልፎ እኔው የጻፍኩትን እኔው መከተል አቃተኝ። ያኔ ኢኤስፒ 32 ወደሚባለው ቺፕ ሄድኩ፤ ፍሪአርቶስ ከሚባለው ሥራ አከፋፋይ ጋር። ሦስት ሥራ ከፈልኩ፤ ሙቀቱ ከፍተኛ ተራ ይዞ፣ መገላበጡ መካከለኛ፣ መልእክቱ ዝቅተኛ። የእያንዳንዱ ኮድ ተመልሶ የሽማግሌው ዑደት ያህል ቀላል ሆነ። አዲስ ጥፋትም መጣ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ሥራዎች የሳጥኑ ስክሪን ላይ በአንድ ጊዜ እየጻፉ ፊደሉ ተደበላለቀ፤ ስክሪኑን አንዱ ሲይዝ ሌላው እንዲጠብቅ የሚያደርግ ቁልፍ ማስገባት ነበረብኝ። ፓዝፋይንደርን ያጠቃው የዚሁ ዓይነት ቁልፍ ነበር።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። የቺፗን መጠን አትጠይቁ፤ ሥራዎቹን ቁጠሩ። ከእነሱ ውስጥ ስንቶቹ ሌላውን መጠበቅ አይችሉም? አንድ ወይም ሁለት ከሆኑ ዑደትና ኢንተራፕት፣ ማለትም አጣዳፊ ምልክት ሲመጣ ዑደቱን ለአፍታ የሚያቋርጥ ጥሪ፣ ይበቃችኋል፤ አከፋፋይ መጫን አላስፈላጊ ሸክም ነው። ብዙ ከሆኑ፣ ቆይታቸውም የማይታወቅ ከሆነ፣ አከፋፋይ ውሰዱ። ከወሰዳችሁት ግን ክፈቱት።

ይህን የመጨረሻውን ቃል አጥብቄ የምናገረው በጋፋት ምክንያት ነው። ፍሪአርቶስን ሪቻርድ ባሪ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እምብርቱ በሦስት ፋይል የተጻፈ ነው፤ ሥራዎቹን የያዘው፣ ወረፋውን የያዘው፣ ዝርዝሩን የያዘው። በነፃ ይገኛል፤ ማንም ያነበዋል። እኛ ጋ ልጆች አንድ መስመር ጽፈው ሥራውን ይፈጥሩታል፣ ይሠራል፣ ይበቃቸዋል። ሲበላሽ ግን ሌላ አገር ያለ ሰው እስኪነግራቸው ይጠብቃሉ። እንግዳው ሰው ሲሄድ ምድጃው አብሮት እንዳይሄድ ምድጃውን ከፍተን ማየት አለብን። ስለዚህ ከኮረብታው ስንወርድ በሚቀጥለው ሳምንት የምናደርገው የሥራዎቹን ፋይል ኮድ አትሞ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው። ሰዓቱ አንድ ምት ሲመታ ቁጥሩ የት ላይ እንደሚጨምር፣ ከዚያ የትኛው ሥራ ነቅቶ እንደሚነሳ በእርሳስ እየተከተልን እንሄዳለን። ሦስት ሳምንት ይፈጃል። አንዳንዱ ይሰለቻል። አምና አንዲት ልጅ ለምን ዝርዝሩ በተራ ቁጥር ተደርድሮ እንደሚቀመጥ ገብቷት ተነስታ ሰሌዳው ላይ ሣለችው፤ ክፍሉ ሁሉ ዝም ብሎ አያት።

ያችው ልጅ ዘንድሮ ለአንድ ወፍጮ ቤት መከላከያ እየሠራች ነው። በሦስት ፌዝ የሚሠራ ሞተር አንዱ ፌዝ ሲጠፋበት ይቃጠላል፤ እዚህ አካባቢ ብዙ ወፍጮ የሚቆመው በዚህ ነው። እኔ ባለ 2 ኪሎባይቷ ቺፕ ትበቃለች አልኩ፤ ፌዞቹን በኢንተራፕት ማየት፣ የሞተሩን ሙቀት መለካት፣ ኮንታክተሩን መቁረጥ፤ ሦስት ሥራ ነው። እሷ ወረቀቷ ላይ አምስት ጽፋለች። ወፍጮው ስንት ሰዓት እንደሠራ መመዝገብ አለበት ትላለች፤ ባለቤቱ ደግሞ ገበያ ሆኖ ሞተሩ ሲቆም ስልኩ መጮህ አለበት። እኔ ያ ትርፍ ነው አልኳት። «መምህር፣ ባለቤቱን ጠይቀውታል?» አለችኝ። አልጠየቅሁትም። ቅዳሜ አብረን ወደ ወፍጮ ቤቱ እንሄዳለን።